«ከኦርጅናሉ ጋር አስተያይ»

ግንቦት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. መምህር አገኘሁ ደባርቅ ባለው ቤቱ፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር ማጅራቱን ተመትቶ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘችው ባለቤቱ በለጠች ናት፤ ጎህ ሲቀድ ሄዳበት ከነበረው ከዳባት ለቅሶ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ። ግራ እጁ ላይ ያሰረው አዲስ ሰዓት መስተዋቱ ረግፎ፣ ቆጣሪዎቹ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆመዋል። የቀን መስኮቱ 21 ይላል።

ሰዓቱ ፎርጅድ ነው። አገኘሁም አልደበቀም። ሰዓት ሰብሳቢ ሊሆን ቆርጦ፣ የመጀመሪያውን ፎርጅድ ለመምረጥ የፈጀበት ጊዜ ሚስት ለመምረጥ ከፈጀበት ይበልጣል እየተባለ ይታማ ነበር።

ያን ዕለት ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ የተሰማው የበለጠች ወንድም ያርጋል ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ታሰረ። የሟች ታላቅ ወንድም ቢራራም ከጃናሞራ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ፤ ያርጋል ወደ ጎንደር ሊወሰድ ከጣቢያው በር ሲወጣ ደሙን ሊመልስ ማለ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሳጅን የትናየት በለጠችን ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ባሌን ቀበርኩ ሳጅን። ዛሬ ደግሞ ወንድሜን ልቅበር?»

«የጎንደሩ መኪና የሚነሣው በስምንት ሰዓት ነው። እስከዚያ እየጠየቅኩሽ መልሽልኝ። ሰዓቱ መቼ መጣለት?»

«በዋዜማው ማታ፣ በአውቶቡስ። አቅፎት አደረ።»

«ማታ እንግዳ መጥቶ ነበር?»

«ማንም አልመጣም።»

ያርጋል ካቴና እጁ ላይ እንዳለ መለሰ። «የተጨቃጨቅነው ስለ ሰዓቱ ነው። 'ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ይዞ' አልኩት። በአራት ሰዓት ድብ ባሕር ሄድኩ፤ የተመለስኩት ለቅሶው ሲሰማ ነው። የአውቶቡሱን ረዳት ይጠይቁ።»

ተጠየቀ፤ እውነት ነበር።

የትናየት የሟችን ጠረጴዛ ፈተሸች። አንድ ደብተር ላይ የጀማሪ መመሪያ ተጽፏል፦ ክብደቱን በእጅህ መዝን፤ ሰከንድ ቆጣሪው ይንሸራተት እንጂ አይዝለል፤ ፊደሉን ከኦርጅናሉ ጋር አስተያይ። ከመጨረሻው መስመር ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ሁለቱም!!» ይላል።

መመሪያውን ያጻፈው፣ በለጠች እንዳለችው፣ የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ልደቱ ነው። ፈረንጅ የሸለመው ኦርጅናል ሰዓት አለው፤ ከተማው ያከበረውም፣ ማኅበሩ የመረጠውም በዚያው ነው።

«ያን ዕለት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ስብሰባ መርቻለሁ» አለ፣ ግራ እጁን ኪሱ እንደከተተ። «ሃያ ሰው ይመስክር!»

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓት ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«የሞተው ግንቦት 13 ነው። ሰዓቱ 21 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ያ ቀን 21 ነበር።»

«ቁጥሩ ወንድሜን ያስነሣዋል?» አለ ቢራራ።

«ያርጋልን ያድነዋል። ቀኑ የፈረንጅ ከሆነ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው። የነሱ ሦስት ሰዓት የኛ ዘጠኝ ነው፤ ያኔ ያርጋል ድብ ባሕር ነበር። መምህሩ ለምን በፈረንጅ ሞላው? ከሌላ ሰዓት ላይ እያየ ስለሞላው ነው። ዕቃው ኮፒ፣ ጊዜውም ኮፒ! ደብተሩ 'ከኦርጅናሉ ጋር' ይላል፤ በደባርቅ ኦርጅናል ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ለቱሪስት ሲል በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው። በዋዜማው ማታ እንግዳ አልነበረም። ጧት ሃያ ምስክር አለዎት አቶ ልደቱ። የቀረው ከሰዓት ነው።»

ልደቱ ግራ እጁን ወደ ኪሱ ይበልጥ ከተተ።

«ፎርጅዱ ላይ 'ስዊስ' የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ አንድ ኤስ ጎድሏል። አገኘሁ አስተያየና 'ሁለቱም!!' ብሎ ጻፈ። የእርስዎም ፎርጅድ ነው ማለቱ ነው። የእርስዎን ያምጡና እንየው።»

እጁ ከኪሱ ወጣ። ባዶ ነው፤ አንጓው ላይ የማሰሪያው ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ፈረንጁን ከገደል በጀርባዬ ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ልደቱ። «ለዚያ ነው ያን ፎርጅድ የሰጠኝ። አገኘሁ ሳቀ። 'ለማኅበሩ ልንገር' እያለ፣ እየሳቀ ደረጃውን ወረደ። ድንጋዩን ያነሣሁት ሳቁን እንዲያቆም ብዬ ነው።»

ቢራራ አፈሙዙን ወደ ልደቱ አዞረ። የትናየት መሐል ገባች።

«ይህኛውን ሕግ ይዞታል። ጠመንጃውን ይስጡኝ፣ አባቴ። ቅድም ቢተኩሱ ኖሮ ንጹሕ ሰው ነበር የሚገድሉት።»

ቢራራ ጠመንጃውን ሰጣት።

ካቴናው ተፈታ። በለጠች ሮጣ ወንድሟን አቀፈችው። ያርጋል እጆቹን አላነሣም።

«ትናንት ጣቢያው በር ላይ ቢራራን ስትለምኚው ሰምቻለሁ፣ እታለም። 'ማርልኝ' አልሽው። 'አልገደለም' ግን አላልሽም።»

«ሰዓቱ... ሦስት ሰዓት ይል ነበር እኮ፣ ያርጌ...»

ያርጋል ክንዶቿን ከአንገቱ አውርዶ፣ ብቻውን በበሩ ወጣ።