የጨዋ ቀለም

ከጨው በረሃው ሥር በተቆፈረችው ከተማ የጠዋት ፈረቃ የሚጀምረው ውሾቹ ከተጸዳዱ በኋላ ነው። ጨዉ የጋዝ መለኪያዎችን ሁሉ ስለሚበላ፣ ጋዝ እያሸተቱ ከቆፋሪዎች ፊት ፊት ዋሻ የሚገቡት አሥራ ሁለት ውሾች ናቸው። እነሱ ደግሞ ከመግባታቸው በፊት አንባቢት ላይ ይወጣሉ። አንባቢት ወለል ላይ የተገጠመች ሰሌዳ ናት፤ የዓይነ ምድራቸውን ቀለም አይታ ጤነኛውን በአረንጓዴ መብራት፣ በሽተኛውን በቀይ ትለይና ሰው ሳያየው ትውጠዋለች። ጎንበስ ብሎ ማየት በዚያ ከተማ ነውር ነው።

ዛሬ ግን ዳማ የሚባለው ውሻ ተራው ሲደርስ የአንባቢት መዋጫ አልከፈት አለ። የውሾቹ ጠባቂ ዘነቡ በአካፋ ልታነሳው ጎንበስ ስትል ክው አለች። ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ነው። የዳማን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዱን አየች፤ ነጥቷል።

አካፋውን እንደያዘች ወደ ኢንጂነር ጎሹ ቢሮ ገባች። ውሻ ከሥራ የሚወጣውም ሆነ ቀዶ ጥገና የሚገባው በእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ጎሹ ሰሞኑን ከስቶ፣ ቀበቶው ላይ በቢላ አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

"ዳማ ዋሻ አይገባም። ጨጓራው እየደማ ነው።"

"አረንጓዴ ነው እኮ፣ ወይዘሮ ዘነቡ።"

"ከላይ የሚፈስ ደም እስኪወርድ ይጠቁራል። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል!"

"አንባቢት ከእርስዎ ዓይን ትበልጣለች።"

ዘነቡ ደሟ ፈላ። አካፋውን ከነያዘው ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ኢንጂነሩ አፍንጫውን ይዞ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"የውሻ አር ነው፣ አይነክስህም! እየው! ከዚያ ስክሪንህን እየው!"

ስድስት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትለው ኖራ ዛሬ "አንተ" አለችው፤ አላፈረችም። ጎሹ ስክሪኑ ላይ አንባቢት ያነሳችውን የዳማን ዓይነ ምድር ምስል ከፈተ። ምስሉ ቡናማ ነው፤ ያማረ፣ የጤነኛ ቡናማ። አካፋው ላይ ያለው ጥቁር ነው።

"ለምን?" አለች።

የአንባቢትን ማስተካከያዎች አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆየና እጁ ቆመ። "የጨዋ ቀለም" የሚል ትእዛዝ በርቷል።

"አንባቢት በተመረቀች ጊዜ..." አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "እንግዶች መጥተው ምስሉ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ይታይ ነበር። ምሳ ሰዓት ስለነበር እንዳያሳፍረን ብዬ ሁሉንም ቡናማ አድርጊው አልኳት። ለአንድ ቀን ነበር። አንባቢት ለካ የምትመረምረው የተቀባውን ኖሯል።"

"ሦስት ዓመት!" ጮኸች ዘነቡ። "ከውሾቼ ቦራ ሞተ። ገብሬ ሞተ። ሻሼ ጉበቷ ታሞ ግራጫ ስታወጣ ከርማ ይሆናል፣ ማን አየ? 'እርጅና' ብለህ ጻፍክ። አራት ዓመቷ ነበር! በእጄ ነው የቀበርኳት! እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ሄዱ፣ እኛ ግን ለእነሱ አፍንጫ ስንል ውሾቻችንን ገደልን!"

እንባዋ መጣ፤ ንዴቷን ግን አላበረደውም። "ፈርም!"

ጎሹ ፈረመ። የቀዶ ጥገናው ክፍል ዳማን ሊወስድ አልጋ ላከ። ፊርማውን አይታ ልትወጣ ስትል ኢንጂነሩ ከስክሪኑ ዓይኑን አለመንቀሉን አስተዋለች። "የጨዋ ቀለም" የበራባቸው አንባቢቶች ዝርዝር እየወረደ ነበር። ከላይ የውሾች ጓዳ አለ። ከእሱ ሥር የሰው መጸዳጃ ቤቶች፣ ከመጀመሪያው ፎቅ እስከ ዘጠነኛው ድረስ ተሰልፈዋል። አራት ሺህ ሰው በየጠዋቱ አረንጓዴ እያየ ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይሄዳል።

ዘነቡ ቀበቶውን አየች። አዲሱን ቀዳዳ አየች።

"አንተስ?" አለችው። "የራስህን ካየህ ስንት ጊዜህ ነው?"

"እኔ... ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው የሚለኝ" አለ።

ስድቡ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ተወችው። አካፋውን ከጠረጴዛው አነሳች፣ ቧንቧ ከፍታ አጠበችው፣ እጁ ላይ አስያዘችውና ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን በር ከፈተችለት።