የሰዒድ ኮምፒውተር የተጠገነ ቀን

ያን ቀን ጠዋት ደጃፌ ላይ በቆሎ እየፈለፈልኩ ነበር፣ አንቺ ዘሀራ እንደምናገረው ጻፊው፣ አታሳምሪው። እኔ እናንተዬ የጂን ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ከወሎ በሰፈራ መጥተን እዚህ ጋምቤላ ስንወርድ ጫካው ሌሊቱን ሲጮህ ያድር ነበር፣ ጅብ ነው ብዬ የምተኛ ሴት ነኝ፣ ወላሂ።

ልጄ ሰዒድ፣ የዘሀራ አባት፣ ኢታንግ ላይ ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር እየጻፈ ነበር የሚኖር፣ ባለፈው ክረምት ወባ ይዞት በሦስተኛ ቀኑ ሄደብኝ። ልብሱን እንደ ደንቡ ለድሃ ሰጠሁ፣ ኮምፒውተሩን ግን እምቢ አልኩ፣ መንዙማ ሲል የቀዳው ድምጡ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ ሌላ የትም የለም። እሱም ይኸው አልከፈትም አለ፣ ሰማያዊ ይሆንና ድርግም ይላል።

የሰዒድ ጓደኛ ኦባንግ ሊጠግነው መጣልኝ፣ አዲሱን ዊንዶስ ሊጭንበት ቢለው ቢለው ማሽኑ አርጅቷል አልቀበል አለ። በኋላ የሰዒድን አሮጌ ሲዲዎች ከብስኩት ቆርቆሮ አወጣን፣ የድሮው ዊንዶስ አለባቸው፣ በራሱ እጅ ጽፎባቸዋል።

"እማማ፣ በዚህ እሞክረዋለሁ፣ ድምጡ ሊተርፍም ሊጠፋም ይችላል፣ ልጀምር?"

"ጀምር፣ ምን ምርጫ አለኝ" አልኩት። ሲዲውን አጎረሰውና ስልክ ቢደወልለት ወደ ውጭ ወጣ።

ሲዲው እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ኋላ ቀስ አለ፣ በመሃል ሳል ሰማሁ፣ የሰዒድን ሳል፣ ቀጥሎ "እማ" አለኝ። እናቴ የማታዪው ሰው ሲጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ ይወስድሻል ብላ ነው ያሳደገችኝ፣ አፌን በሻሼ ያዝኩት። "እማ፣ አለሽ?" አለ። ዝም። ሦስተኛውን ሲጠራኝ ድምጡ እንደዚያ እንደታመመ ጊዜ ደክሞ ነበር፣ ያኔም ዝም አልኩት፣ ልጄን።

ሲዲው ቀጥ አለ። ኦባንግ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ግን ሰው እንደለቀቀው ቤት ባዶ። "ጠፋ፣ እማማ" ብሎ አቀረቀረ።

"አሁን ተናግሮ ነበር እኮ!" ስለው፣ "በምን ይናገራል? ስፒከሩን መቼ ሰካሁት" አለኝ፣ እውነትም ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ጂንም ይሁን ልጄ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ አሪየት ከባሮ ልብስ አጥባ ስትመለስ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች፣ እኔ አንድም ቃል አልነገርኳትም።

"የሰዒድ እናት" አለችኝ፣ "ቀን ወደ ወንዝ ስወርድ በአጥርሽ በኩል ሳልፍ ልጅሽ ሦስት ጊዜ ሲጠራሽ ሰማሁ። ለምን ዝም አልሽው?"