አምስት ፍየልና አንድ ደጋን

ሾፌሩ ፍየል አልጭንም ሲል አሰጋሽ የጫነችውን ጓዝ መልሳ አወረደች።

ጦርነቱ ወደ ሱዳኗ ሀዋታ ተቃርቧል ተብሎ የሰሊጥ እርሻው ሠራተኛ ሁሉ ያንዲት የጭነት መኪና ጠርዝ ላይ ተንጠላጥሏል። ጓደኞቿ ነፍስሽን አስቀድሚ፣ ፍየል ይተካል እያሉ ለመኗት። ለእሷ ግን፣ ለሠራተኛው ወጥ እየሠራች በኖረችባቸው አራት ዓመታት ከአንዲት ግልገል ተነሥታ ስድስት ያደረሰቻቸው ፍየሎች ናቸው። ጠላፊ ባሏን ሸሽታ ከጎንደር ስትወጣ ነጠላዋን እንኳ ትታ ነው የመጣችው። ከእንግዲህ ምንም ነገር ጥላ ላትሮጥ ምላለች።

«ድንበሩ አጠገብ ባሱንዳ ድረስ በእግሬ እደርሳለሁ» አለችና ገመዱን ጨበጠች።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል የእርሻው ዘበኛ ጋሽ ባንተአምላክ እያነከሱ ወረዱ። ስድሳ ያለፋቸው የመተማ ሰው ናቸው። ሴት ልጅ ብቻዋን በረሃ ስትገባ እያየሁ መኪና ላይ አልቀመጥም አሉ፤ እስከ ማታ ድረስ ግን ሞኝነቷን እየጠሩ ሲሰድቧት ዋሉ።

የራሃድ ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። አሰጋሽ ባዶ ጀሪካን በፍየሎቹ አንገት ሥር እያሰረች አንድ በአንድ ገፍታ አሻገረቻቸው። ስድስት ጊዜ ለፍየሎቹ፣ አንድ ጊዜ ለጋሽ ባንተአምላክ ከወንዙ ጋር ታገለች። ማዶ ሲደርሱ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ያዛቸው። ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ ጫማ ይውጣል፤ ፍየሎቹ እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ ይጮሃሉ። በሁለት ቀን ውስጥ በደረቅ መሬት የግማሽ ቀን መንገድ የሚሆነውን ብቻ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጅብ መጣ።

አሰጋሽ ማጭድ ይዛ ስትሮጥ ጅቡ አንዷን ፍየል አንገቷን ይዞ ሠላሳ እርምጃ ያህል ፈቀቅ አለና ቆመ። አያት። ድንጋይ ብትፈልግ በዚያ ለጥ ባለ የጭቃ አገር አንድ ጠጠር የለም። ጓል አንሥታ ወረወረች፤ ገና በአየር ላይ ተበተነ። ጅቡም ፍየሏን እየጎተተ ተዝናንቶ ሄደ።

ጋሽ ባንተአምላክ የቀሩትን ፍየሎች ትተን እንሩጥ አሉ። እሷ አልሰማቻቸውም። ከሩቅ የሚመታ ነገር ያስፈልገኛል ብላ ማጭዷን ይዛ ወደ ቁጥቋጦው ገባች። በሕይወቷ ያየችው ደጋን ሸማኔው አባቷ ጥጥ የሚነድፍበት ብቻ ነው። ያገኘችውን ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ ዙሪያውን ልጣ፣ ገመድ አሰረችበትና በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። መሐሉ ላይ ካለው ቋጠሮ ተሰብሮ ስንጣሪው ጉንጯን ቀደደው።

ሽማግሌው ደሟን ሲጠርጉላት ልጅነታቸው ትዝ አላቸው። ቆላ ሳሉ ጉሙዝ ጎረቤቶቻቸው ደጋን ሲሠሩ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ራሳቸው ግን አንድም ቀን ሠርተው አያውቁም።

«ጀርባውን ስለት አያስነኩትም» አሉ እያሰቡ። «ወደ ዒላማው የሚዞረውን ማለቴ ነው። የሚፍቁት ወደ ራሳቸው የሚዞረውን፣ ሆዱን ነው።»

«ይኸን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበር?»

«ቀድመሽ መች ጠየቅሽኝ?»

በማግስቱ ዝናቡ አቆመ፤ በአንድ ፈፋ ዳር ለንቋጣ የሚባል ተጣጣፊ ዛፍ አገኙ። አሰጋሽ ቋጠሮ የሌለው፣ ቀጥ ያለ፣ ቁመቱ እስከ አገጯ የሚደርስ ግንድ መርጣ ቆረጠች። ቅርፊቱን በጥፍሯ ላጠች። መጨበጫውን እንደ ወፈረ ትታ ከመሐል ወደ ጫፍና ጫፍ ሆዱን በማጭድ ፋቀች። ጥቂት ፍቃ መሬት ላይ ትጫነዋለች፤ አልታጠፍ ያለውን ቦታ በዓይኗ ለይታ እሱን ብቻ ትፍቃለች፤ እንደገና ትጫነዋለች። እጇ ተልጦ ውኃ ቋጠረ። ከስንቋ የተረፈውን የሰሊጥ ዘይት ቀብታ ከረመጡ ከፍ አድርጋ አሞቀችው። ከማዳበሪያ ጆንያ የመዘዘችውን ክር ጭኗ ላይ ገምዳ ጅማት አደረገችለት። ጋሽ ባንተአምላክ ደግሞ ቀጫጭን ቀንበጥ እያቀኑ፣ ጫፉን በረመጥ እያጠነከሩ፣ የዛግራ ወፍ ላባ እያሰሩ ስድስት ፍላፃ አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ፍላፃ እግሯ ሥር ወደቀ። ጅማቱ ክንዷን እየገረፈ አሳበጠው፤ በሻሿ ጠቀለለችና ቀጠለች። መንገድ ለመንገድ፣ ፍየሎቹ ሲግጡ፣ ሽማግሌው ሲያርፉ ትወረውራለች። በስድስተኛው ቀን ከሃያ እርምጃ ኩይሳ መታች። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጅብ ሲጠጋ ፍላፃዋ ጎኑን ነክቶት አለፈ፤ እያጓራ ጠፋ። ሞኝ የሚለው ስድብ ከዚያ ወዲያ ቀረ።

ዝናቡ እንደቆመ ቀረና በሰባተኛው ቀን ውኃቸው አለቀ። ከቀትር በኋላ አንድ የተቆፈረ ኩሬ ዳር ሲደርሱ ሁለት ሰዎች ታልህ ከሚሉት ግራር ጥላ ተነሡ። አንዱ ቆመጥ፣ ሌላው ጩቤ ይዟል። ቆመጥ የያዘው በአረብኛ፣ ለውኃው ዋጋ ፍየሎቹን በሙሉ ትታችሁ ሂዱ አለ። ጋሽ ባንተአምላክ ሁለቱን ሰጥተን እንለፍ ብለው በአማርኛ አንሾካሾኩላት።

«ማ ፊ» አለች አሰጋሽ፤ የለም ማለቷ ነው።

ሰውየው ሳቀና ተራመደ። እግሩን ዒላማ አድርጋ ለቀቀች፤ ሳተችው። ፍላፃው ጭቃው ላይ ተተክሎ ሲወዛወዝ አይቶ ይበልጥ ሳቀ። አሰጋሽ ሁለተኛውን ፍላፃ ጅማቱ ላይ አስቀመጠች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እንኳ አላለችም። አሥር እርምጃ ሲቀረው ስባ ለቀቀች።

ጭኑ ላይ ተሰካ። ሰውየው ቆመጡን ጥሎ ተቀመጠ። ጩቤ የያዘው ሊራመድ አለና ሦስተኛው ፍላፃ በደረቱ ትይዩ ተስቦ ሲያይ ቆመ። አሰጋሽ ጓደኛህን ይዘህ ሂድ ብላ በእጇ አመለከተችው። ደግፎት ሄደ። ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ ደጋኑን አላወረደችም። ከዚያ ኩሬው ዳር ተንበርክካ ከፍየሎቿ ጋር እኩል ጠጣች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ባሱንዳ ገቡ። መግቢያው ላይ አንድ ገበሬ ጋሽ ባንተአምላክን ፍየሎቹን እንዲሸጡለት ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወደ አሰጋሽ ዞር አሉ። «የፍየሎቹ ባለቤት እሷ ናት። ከሷ ጋር ተነጋገር።»

አልሸጥም አለችው፤ የግጦሽ ቦታ ካለው ግን ወተት እንካፈላለን ብላ ተስማማች።

ባሱንዳ በገቡ በሦስተኛው ቀን ደጋኑ ተሰነጠቀ። እርጥብ እንጨት ስለነበር ፀሐዩ አልማረውም። ጋሽ ባንተአምላክ ሰው እንደሞተባቸው አንገታቸውን ደፉ። አሰጋሽ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከመጨበጫው በታች አንድ ጎን አብዝታ እንደፋቀችው አየች። ከዚያ ሁለት ቦታ ሰብራ እሳቱ ውስጥ ጨመረችውና የማለዳውን ወተት አፈላችበት።

«አሁን ምን ይበጀናል?» አሏት።

«የሚቀጥለውን ደጋን አንድ ወር ሙሉ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ» አለችና ማጭዷን አንሥታ ከመንደሩ በታች ወዳለው ፈፋ ወረደች።