የኡምባር እስትንፋስ

በጎርማዝ መንግሥት ሰባት ትውልድ ያልጠፋው፣ የምድጃ ሁሉ ምንጭ የሆነው እናት እሳት በተሰረቀ ማለዳ፣ የየቤቱ ምድጃ አንድ ላይ ጨለመ። ብርዱ ከመክፋቱ የተነሳ የንጉሡ ጢም እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር፤ ያላመነ ሄዶ ያንኳኳ። የውሃ ወፍጮ ጠባቂዋ ታምሪት ግን ለጢሙ ግድ አልነበራትም። የአርባ ቀን ልጇ ከንፈር ጠቁሯል። ሕፃኗን ለእህቷ ሰጥታ፣ «እሳቱን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ስትል በዙፋኑ ፊት ማለች። ጦረኛው ሻርማድና ሽማግሌው ከበሮ መቺ ጉልማ ተከተሏት።

ሌባው ዘንዶ ኡምባር እሳቱን ከገደል ማዶ ዋሻ ውስጥ ደብቆ፣ ራሱ ገደሉ ውስጥ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ከጀርባው በቀር ድልድይ የለም። አየር ሲስብ ጀርባው እስከ አፋፉ ይነሳል፤ ሲተነፍስ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል።

«የጎርማዝ ጀግና ጠላቱን ቆሞ አይጠብቅም!» ብሎ ሻርማድ ፎከረ፤ የዘንዶው ጀርባ ገና እኩሌታ ላይ ሳለም ዘለለበት። ዘንዶው እንደ ወንጭፍ አስፈነጠረው። የወደቀበት አልተገኘም፤ ገና አልወደቀም የሚሉም አሉ።

ታምሪት የረጅም ሸምበቆ አንዱን ጫፍ በዘንዶው ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ በሌላው ጫፍ ከሰል አሰረች። ጉልማ ነጠላውን ከከሰሉ ሥር በእኩል ፍጥነት ጎተተ። ነጠላው ላይ ለስላሳ ሞገድ ተሳለ።

«ይሄ ምን የሚሉት እባብ ነው፣ እቴ?»

«የሒሳብ ሰዎች ሳይናዊ ኩርባ ይሉታል፣ አያ ጉልማ። የወፍጮዬን መንኮራኩር ያስቧት። ጠርዟ ላይ ያለው ችንካር በክብ ይዞራል፤ ከፍታውን ብቻ በየጊዜው ብንጽፍ ይኸው መስመር ይወጣል። ይዩት፣ መሀል ላይ ይሮጣል፤ ጫፍ ላይ ያንገራግራል።»

«ሻርማድ የሚሮጠው ላይ ዘለለ በይኛ!»

«እኛ የሚያንገራግረው ላይ እንረግጣለን።»

ቆጠሩ፤ ከላይኛው ጫፍ እስከ ቀጣዩ ላይኛው ጫፍ አሥራ ሁለት ምት። በአሥራ ሁለተኛው ተሻገሩ።

ታምሪት ፍሙን በሸክላ ይዛ ከዋሻው ስትወጣ ግን ኡምባር ሽታው ደረሰው። እስትንፋሱ ተዘበራረቀ። ጉልማ ከጆሮው ሥር ተቀምጦ ከበሮውን በዝግታ መታ። ዘንዶው እንደ እሽሩሩ ሰማው፤ ሞገዱም ተስተካከለ። በአሥራ ሁለተኛው ምት ታምሪት ሮጣ ተሻገረች።

«አያ ጉልማ፣ ይምጡ እንጂ!»

«ማን ይምታልኝ? አንቺ ስትመቺ ሰምቼሻለሁ፤ ዘንዶው ያብዳል! ሂጂ፣ ልጅሽን አሙቂ።»

ሦስት ቀን ተጓዘች፤ ከበሮውም ሦስት ቀን ከኋላዋ ተሰማ። ምድጃዎች ሲቀጣጠሉ ሕዝቡ በእልልታ ፈነዳ።

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች።

የከበሮውን ምት ከሩቅ ሰማች፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

ስምንተኛው አልመጣም። ከእህቷ ተቀብላ ያቀፈቻት ሕፃን ግን ሙቀቱ ደርሷት ማልቀስ ጀመረች።