የጠመሙ ቅርፊቶች

ሰውየው ከቢቸና እህል ተራ ጀምሮ ከኋላው አልተለየውም።

ሹፌሩ ሰማው አልዞረም። ሽምብራ ሻጯ ዘንድ ቆመ፤ ዋጋ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ትቶ ሄደ። ሰውየውም ቆመ፤ ሰውየውም ሄደ። ግራጫ ጃኬት፣ አቧራ ያልነካው ጫማ። በገበያ ቀን ቢቸና ላይ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው እህል ሊሸምት አልመጣም።

በበግ ነጂዎች መሀል ሾልኮ ባጃጅ ያዘ።

አመለጠ።

የድንጋይ ተመራማሪው ዶክተር አካለ ወልድ መኪናቸው አጠገብ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርስላቸውን ድንጋይ ከመስጠታቸው በፊት በምላሳቸው አረጠቡትና በማጉያ መነጽር አዩት።

«ዛሬም ላሱት?» አለ ሰማው እየሳቀ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ደረቅ ድንጋይ አይናገርም። የኛ ሙያ ሰው ሁሉ ላሽ ነው።» ማጉያውን አቀበሉት። «እይ እስቲ። እነዚህ ነጠብጣቦች አገራችን ባሕር በነበረችበት ዘመን ውኃ ላይ ሲንሳፈፉ የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ቅርፊታቸው ጠሟል። ውኃው አየር ሲያጥረው ታፍነው ነው። እንዲህ ባለ ባሕር ውስጥ የሞተ ደግሞ በወጉ አይበሰብስም፤ ተቀብሮ ነዳጅ ይሆናል።»

ስሙ ሰማው አልነበረም። ሹፌርም አልነበረም። የሚሰልልለት የደኅንነት መሥሪያ ቤት «ቆቅ» ይለዋል። ከዓባይ በረሃ የሚወጣውን፣ ነዳጅ ያለበትን የሚጠቁም ድንጋይ ለውጭ ኩባንያ የሚሸጠው ማን እንደሆነ እንዲደርስበት ከተላከ ዓመት አልፎታል። የተጠረጠሩት ዶክተሩ ነበሩ። ግን አባቱን የማያውቅ ሰው፣ ቆላ ውስጥ ውኃ ሲያልቅ የመጨረሻዋን ጉንጭ ለሱ የሚተዉለትን ሽማግሌ እንዴት አይወድ!

ዛሬ ነገሩ ይለያል። አለቃው «ዋንዛ» ሞጣ ላይ መርማሪ አስቀምጧል። ድንጋዩ እውነተኛ ከሆነ ዶክተሩ ነጻ ይወጣሉ። የውሸት ከሆነ፣ እውነተኛውን ሸጠዋል ማለት ነው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት ዶክተሩ፣ በሩን ሲዘጉለት።

ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ገባ። መርማሪው አንድ ሆቴል የጓሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ድንጋዩን ተቀብሎ ማጉያውን ደቀነበት።

አላረጠበውም።

ሰማው ወደ በሩ አፈገፈገ። ይህ ሰው ድንጋይ አያውቅም!

«የውሸት ነው» አለ ሰውየው።

በሩ ከኋላው ተዘጋ። ባለግራጫው ጃኬት ነበር፤ ሽጉጥ ይዟል። በሌላው እጁ ስልክ ዘረጋለት። የዋንዛ ድምፅ ነው።

«ቆቅ፣ ሽማግሌው ሲሸጡ አይቻለሁ በል። እየተቀዳ ነው።»

ነገሩ ፍንትው አለለት። ሻጩ ዋንዛ ራሱ ነው። እምቢ ቢል እዚሁ ይገድሉታል፤ ድንጋዩም ይሄዳል፣ ዶክተሩም ያለ ምስክር ይቀራሉ። እሺ ቢል ወጥቶ ያስይዛቸዋል። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ አለ በልቡ።

«አይቻለሁ» አለ። «ሸጠዋል።»

ለቀቁት። ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ ገብቶ ለዋንዛ አለቃ ደወለ።

«ቆቅ ነኝ። ከሀዲው ዋንዛ ነው። ድንጋዩ ወደ ባሕር ዳር ሊወጣ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ። ዶክተሩን ማንም እንዳይነካቸው!»

ሁለቱ ሰዎች ከከተማው ሳይወጡ ከነድንጋዩ ተያዙ። ዋንዛም ቢሮው ውስጥ እጁን ሰጠ።

ቢቸና ላይ ግን የተቀዳው ድምፁ ቀድሞ ደርሶ ነበር። የዋንዛ ሰዎች ዶክተሩን ገበያተኛ ፊት ይዘው ቅጂውን አሰሟቸው። «የኔ ሰማው?» አሉ አሉ። ልባቸው ድሮም ደካማ ነበር። ሌላ ቃል ሳይናገሩ እዚያው ወደቁ። ሞቱ።

ሰማው ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተቀመጠ። በገዛ አፌ ገደልኳቸው፣ አለ።

«ለእህታቸው ለወይዘሮ ወለተ ሐና እውነቱን ልንገራቸው» ብሎ የበላዩን ለመነ።

«ዶክተሩ ንጹሕ እንደሆኑ ይነገራቸዋል። ያንተ አይነገርም። ሰማው የሚባል ሰው ከዛሬ ወዲያ የለም።»

ቀብራቸው ላይ አልቆመም። ጺሙን ተላጭቶ ከሞጣ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጠች ባለጥቁር ነጠላ ከቢቸና ለቅሶ መመለሷ ነው፤ ለጓደኛዋ ታወራለች።

«ልጃቸው አድርገውት ነበር እኮ! በሐሰት መስክሮ ገደላቸው፣ ያ ሹፌር።»

«ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችው!»

ባለነጠላዋ ወደሱ ዞረች። «አይደለም ወንድሜ? እንዲህ ያለውን አፈር ይቀበለዋል?»

«አይቀበለውም» አለ።

ድምፁ ተሰበረ። ሴትዮዋ ዓይኑን አየች።

«ውይ በሞትኩት፣ አንተም ታውቃቸው ነበር?»

«አላውቃቸውም» አለ፣ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።