የወይዘሮ ጦይባ ጉበት

የወይዘሮ ጦይባ ጉበት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

ሉባባ ይመር የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አነሳችው። በቦርከና የውፍረት ሕክምና ማዕከል ጉበት ሲደውል ዝም ማለት ከሥራ ያስባርራል፤ ደግሞም የሰው ጉበት በማለዳ የሚደውለው ደኅና አደራችሁ ለማለት አይደለም።

«ስንት?» አለች።

«ስብ በሳምንት ሁለት መቶ ግራም ጨምሯል» አለ ዘቡ በዚያ ደረቅ ድምፁ። «ከተመዘገበው ምግብ ጋር አይገጥምም።»

ዘብ የሚሉት የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ ግማሹ ሕያው ሕዋስ ግማሹ ብረት የሆነ መሣሪያ ነው። ጉበት ሥር ይተከልና ስኳርና ስብን ይጠብቃል፤ የሰውነትን እሳት አንዳንዴ ያነዳል፣ አንዳንዴ ያዳፍናል። እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅም ከባለቤቱ ሕዋስ እያነበበ ይማራል። በ2081 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ከአሥር ጎልማሶች አራቱ ዘብ ነበራቸው፤ የቀሩትም ወረፋ ይጠብቁ ነበር።

ከዘብ ጋር የሚነጋገሩት እንደ ሉባባ ያሉ አስተካካዮች ናቸው፤ በተራ አማርኛ ይጠይቁታል፣ በተራ አማርኛ ያዙታል። ደንቡ ዘብን «ስንት?» ብሎ መጠየቅ ይፈቅዳል። «ለምን?» ማለት ግን ጊዜ ማባከን ነው ተብሎ ከተተወ ቆይቷል። እውነቱን ለመናገር ሕመምተኛውንም ቢሆን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሉባባ ንግግሩን እንደጨረሰች የፈራችው ወረቀት ከማተሚያው ወጣ። «ጦይባ እንድሪስ፣ 58 ዓመት። ሦስተኛ ጥፋት፦ በድብቅ መብላት። ዘቡ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ተነቅሎ ለተረኛ ይሰጥ።» ከሥሩ ለአስተካካይዋ ፊርማ ባዶ ቦታ ተትቷል። ጦይባ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። የስኳር በሽታ ኩላሊቷን ሊጨርስ ሲል ያቆመላት ይኸው ዘብ ነው፤ ከተነቀለ ዓመት አትደፍንም።

ዘብ የተነቀለባቸው ሰዎች ስም የሚገባበት መዝገብ «የታማኝነት መዝገብ» ይባላል። ሠራተኛው ግን እርስ በርሱ ሲያወራ «የቀጣፊዎች መዝገብ» ነው የሚለው። ሉባባ እዚያ ላይ ሠላሳ አንድ ጊዜ ፈርማለች። አሥራ ዘጠነኛው የታናሽ ወንድሟ የይማም ስም ነበር። «እህቴ፣ ወላሂ በድብቅ አልበላሁም» ብሏት ነበር። እሷም ሳቀችና «ስቡ ታዲያ ከሰማይ ወረደልህ?» አለችው። ዘቡ በተነቀለ በስምንተኛው ወር ቀበረችው። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ይሄንን እንኳ አልፈርምም» አለች ለብቻዋ።

ጦይባ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ሻሿን አሳምራ አስራለች፤ ሊነቅሉባት የጠሯት ሰዎች ፊት እንኳ ተጎሳቁላ መቅረብ አትወድም።

«እትዬ ጦይባ፣ አብሽሪ» አለቻት ሉባባ። «መጀመሪያ የትንፋሽ ክፍል ትገቢያለሽ።»

የትንፋሽ ክፍል አልጋና ወንበር፣ የመስታወት ግድግዳ፣ ምግብ የሚገባበት ትንሽ መስኮት አለው። የሚገባው አየርም የሚወጣው አየርም ይለካል፤ ሰውነት ስንት እንዳነደደና ስንት እንዳስቀመጠ ከትንፋሹ ይታወቃል። በሩ መሀል ላይ ከተከፈተ ግን ልኬቱ ከንቱ ነው። ማዕከሉ ክፍሉን ለሕመምተኛ ከተጠቀመበት ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሰውን ከመለካት ቀጣፊ ብሎ መገላገል ይቀላላ!

ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ በመስኮቱ ገባ፤ የአጃ ሾርባና አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ጦይባ ሣህኑን አየት አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው።

«ብዪ እንጂ፣ እትዬ» አለች ሉባባ በማይክሮፎኑ።

«ቆይ እስኪ።»

አራት ሰዓት ሆነ። ሾርባው ቆዳ አወጣ። ጦይባ ተነስታ ወደ መስታወቱ ቀረበችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሉባባ፣ ልናገረውና ይውጣልኝ። ዋሽቻለሁ።»

ሉባባ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች። «በድብቅ ትበያለሽ?»

«በድብቅ እጾማለሁ።»

ሉባባ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«አስናቀን ታውቂው የለ፣ ባሌን። ሁዳዴን፣ ይኸው እንደ አሁኑ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። እሱ እህል ሳይቀምስ እኔ ፊቱ ተቀምጬ ልጎርስ ነው? ነውር አይደለም እንዴ! ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር በረመዳን እሱ ከኔ ጋር ይውላል፣ በሁዳዴ ደግሞ እኔ ከሱ ጋር። እናንተ የጾመ ይባረራል አላችሁ። እኔም ያልበላሁትን ቁርስ በላሁ እያልሁ ስመዘግብ ኖርሁ።»

ሆድ ካገር ይሰፋል እንዲሉ፣ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ከርማለች።

«በልቶ አልበላሁም የሚል ሰው ሞልቷል» አለች ሉባባ፤ «ሳይበላ በላሁ የሚል ሌባ ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። የሉባባ ሳቅ ግን ወዲያው ደረቀ። ይማምም ሰኞና ሐሙስ ይጾም ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን እንኳ ከዘቡ ጋር አያይዛ አስባው አታውቅም።

ዓይኗን በስክሪኑ ላይ ወደሚሄደው የልኬት መስመር መለሰች። የጦይባ የሰውነት እሳት፣ ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰው ሲነድ የነበረው፣ በሲሶ ወርዷል። ከመውረዱ አንድ ደቂቃ በፊት ዘቡ ለሰውነቷ ያስተላለፈው ትእዛዝ በስክሪኑ ላይ ተጽፏል፦ «ቆጥብ።» ሉባባ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሴትዮዋ ተርባ ስትውል ዘቡ እሳቱን ያዳፍናል፤ ከዚያ የምትበላው ትንሽ ምግብ ሳይነድ ይከማቻል ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ግን ጦይባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እስክትበላ ሉባባ መጠበቅ ነበረባት። ዘቡን ሊነቅሉ ደግሞ የሚመጡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ማዕከሉ ውፍረትን ሠላሳ ዓመት ቢያጠናም ወንበሮቹ በሙሉ ለቀጫጭን የተሠሩ ናቸው። ሉባባ ቀጭን አልነበረችምና የራሷን ዱካ፣ ሰፊ የእንጨት በርጩማ፣ ከቤቷ ካመጣች ቆይታለች። ዱካዋን አንስታ በትንፋሽ ክፍሉ በር ላይ አኖረችና ተቀመጠችበት። በሩ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። እሷ ከተቀመጠች በኋላ ግን በር የሚባል ነገር አይታይም ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ኅሩይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አስከትሎ ደረሰ። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ በዕድሜው አንድ ምሳ እንኳ አምልጦት የማያውቅ መሆኑ ነው። ከኋላቸው የጦይባ ባል አስናቀ የምሳ ዕቃ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ይነሱ እንጂ።»

«እስከ ማታ አልነሳም። የቸኮለ ካለ ያንሳኝ።»

የጥበቃ ሠራተኛው ሉባባን ከላይ እስከ ታች አያት፣ ቀጥሎ ዶክተሩን አየ። «ጌታዬ፣ ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም» አለ።

«ስብ ከአየር አይመጣም!» አለ ዶክተሩ ቆጣ ብሎ። «ይሄ ሁሉ ለአንዲት ቀጣፊ ነው?»

«እዚያ ስክሪኑ ላይ ነው መልሱ። ካነበቡት በኋላ ይቆጡኝ።»

ዶክተር ኅሩይ አነበበ። ግንባሩ ተኮማተረ። «ጾማለች ማለት ነው? ያውም ከደንብ ውጭ? እንግዲያማ ዋሽታለች።»

«አዎ፣ ዋሽታለች። እውነቱን ብትነግረን እናባርራታለን፣ ስትዋሸን እናባርራታለን። እስኪ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?»

ዶክተሩ እንደገና ወደ ስክሪኑ ዞረ። እንደ ሳይንስ ሰው ያ የልኬት መስመር ስቦታል። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አስናቀ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ምስርና ጎመን ለሁለት ከፈለ፤ የጦይባን በመስኮቱ አስገባ። መስታወቱን በመሀል አድርገው እኩል ጎረሱ። ትንሽ ምግብ ነበረች፤ የልጅ ድርሻ ብትባል ነው። ልኬቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም አሳየ። እሳቱ እንደተዳፈነ ነው፤ ከበላችው አብዛኛው ሳይነድ ወደ ስብ ሄዷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ለመጥራት ሠላሳ አንድ ሰው ፈጅቷል።

ዶክተር ኅሩይ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «በቃ፣ አይነቀልም። የመሣሪያ ብልሽት ብለው ይጻፉ።»

«መጀመሪያ ልጠይቀው» አለች ሉባባ። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋችና ሃያ ዓመት በሥራ ላይ አንድ ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀች። «ለምን አዳፈንክ?»

ዘቡ ቆይቶ መለሰ። እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም።

«ረሃብ መጥቷል።»

«ማን ነገረህ?»

«ሕዋሷ ላይ ተጽፏል። ምግብ ሲዘገይ ቆጥብ ይላል። እንዳትሞትብኝ ቆጠብኩ።»

መጀመሪያ የተናገረችው ጦይባ ናት። «አያቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ የጡት ልጅ ነበረች» አለች። «እናቷ አዝላት ሦስት ቀን ተጉዛ መጠለያ ደረሰች። ከአምስት ልጆች የተረፈችው አያቴ ብቻ ናት።»

የረሃብ ጠባሳ በሕዋስ ላይ ተጽፎ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ እንደሚችል በማዕከሉ ትምህርት ውስጥ አለ። ሉባባም ለፈተና ሸምድዳው አልፋለች። ለፈተና እንጂ ለሰው ግን አላሰበችውም። አሁን አንድ ነገር ገባትና አፈረች፤ በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የጦይባን ሰውነት ያመነው ይህ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ነገር ብቻ ነበር። የመቶ ዓመት ረሃብ ሲነገረው ደነገጠ፣ ሊያተርፋት ሞከረ፤ ተሳሳተ፣ ግን ከመሳሳት ሌላ ክፋት አልነበረበትም። ሰዎቹ ያንኑ ሰውነት አይተው ቀጣፊ አሉት።

«ጠባሳውን ከሕዋሷ መፋቅ ይቻላል» አለ ዶክተሩ ዝግ ብሎ። «የሁለት ሳምንት ሕክምና ነው።»

«አይፋቅም!» ጦይባ መስታወቱን በመዳፏ መታችው። «አያቴን ያተረፋትን ነገር ከኔ ላይ ልትፍቁ? ነገ ምን እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ? ይልቅ አስተምሩት። ጾምና ረሃብ አንድ አይደለም። የተራበ ሰው ሲመሽ የሚበላው እንዳለው አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። እራት አለ በሉት፣ በቃ!»

ሉባባ ወደ ዶክተሩ አልዞረችም፤ ፈቃድም አልጠየቀችም። «ስማኝ» አለች ለዘቡ። «ጦይባ ሳትበላ ስትውል አትደንግጥ። እራት አለ።»

«በየቀኑ?»

ሉባባ አስናቀን አየችው። አስናቀ ባዶውን የምሳ ዕቃ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ።

«በየቀኑ» አለች።

መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ጦይባ በሩ ተከፍቶላት ስትወጣ ሉባባ ገና አልጨረሰችም። ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ የታማኝነት መዝገቡን ከፈተችና አሥራ ዘጠነኛውን ስም ፈለገች።

«የተዘጋ ስም ለመክፈት ሥልጣን የለዎትም» አለ ዶክተር ኅሩይ።

«ስዘጋው ግን ነበረኝ። በዚያው እጄ ነው የምጽፈው።»

ጻፈች፦ «ይማም ይመር አልዋሸም። ዋሽቷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ሉባባ ይመር፣ እህቱ።» እንባዋ መጣ፤ ግን አልጠረገችውም፣ ይታይ አለች። ከሠላሳ አንዱ አንዳቸውም «ለምን?» ተብለው አልተጠየቁም፤ አሥራ ሁለቱ ገና በሕይወት አሉ፤ ዛሬውኑ ዘባቸው መመለስ አለበት።

ዶክተሩ እጁን ወደ መዝገቡ ሲዘረጋ የጥበቃ ሠራተኛው መሀል ገባ። ቀኑን ሙሉ ብዙም ያልተናገረ ሰው ነበር።

«ሃያ ስድስተኛዋ እናቴ ናት» አለ ሉባባን እያየ። «እሷ ጋ ሲደርሱ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ሄዶ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሮ በሩ ላይ ቆመ። ሉባባ ዱካዋን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ሠላሳ ስም ይቀራት ነበር።