የማይለወጡት ጎረቤቶች

«ሻልማሊ፣ ዛሬ አንቺ ትጀምሪያለሽ» አሉ እትዬ ቪማል፣ የሩቅ ማያውን መነጽር እያቀበሏት።

ሻልማሊ ክው አለች። ሁልጊዜ የሚጀምረው ኦጃስ ነው። እሷ ከእሱ ኋላ ለመሆን ያልፈጠረችው ሰበብ የለም፤ ጫማዬ ተፈታ፣ ውሃ ጠማኝ፣ አስነጠሰኝ። ዛሬ ሰበቡ ሁሉ አለቀባት።

«ኦጃስ ይቅደም እትዬ። እናቱ ትጠብቀዋለች።»

«ኧረ አታካብጂ!» ሳቀ ኦጃስ። «ቤት ብገባ የሚጠብቀኝ ሽንኩርት መላጥ ነው። እዪ ባክሽ!»

እትዬ ቪማል ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ እንደጠለቀች የሰፈሩን ልጆች ጣሪያቸው ላይ ሰብስበው፣ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦችን ያስለካሉ። መለኪያው የገዛ ዓይን ነው። ኮከቧን ብርሃናቸው ከማይለወጥ ጎረቤቶቿ ጋር ታስተያያለህ፤ ከዚያችኛዋ ትፈዝዛለች፣ ከዚህችኛዋ ትደምቃለች ብለህ ቁጥር ትሰጣለህ፤ ኮከቧ በፈዘዘች መጠን ቁጥሩ ይጨምራል። ቁጥሩን ደግሞ በእትዬ ጆሮ ታንሾካሹካለህ፤ ሌላው ሰምቶ እንዳይሳሳት። ኦጃስ ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እሱ ሲያንሾካሹክ የጎረቤት ውሻ ይሰማዋል። ሻልማሊ የእሱን ቁጥር ትንሽ እየለወጠች የራሷ አስመስላ ስትናገር ወር አልፏታል።

የሚለኳት ኮከብ ሚራ ናት። ዝናቡ ያባራ ሰሞን ያለ መነጽር ትታይ ነበር፤ ከዚያ እየደከመች ሄደች። የሚራ ልማድ ነው፤ ወራት ደምቃ ወራት ትጠፋለች። ስለዚህ ኮከቧ ስትጠፋባት ሻልማሊ መጀመሪያ ላይ ምንም አልመሰላትም። የደነገጠችው በኋላ፣ ሲመሽ ደረጃ መሳትና ከበር ጋር መጋጨት ስትጀምር ነው።

የእናቷ ወንድም ማዳቭ በእሷ ዕድሜ ሳለ ዳፍንት ያዘው፤ ሠላሳ ሳይሞላው ቀኑም ጨለመበት። ዛሬ የልጁን ፊት በእጁ ዳስሶ ነው የሚያውቀው። ሐኪሞቹ በዘር ይመጣል ብለዋል። ከዚያ ወዲህ እናቷ እንቅልፍ አጣች። ሻልማሊን እዚህ የላከቻትም ዓይኗ ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው። ቅዳሜ ማታ በር ላይ ቆማ «አየሻት?» ትላለች፤ «አየኋት» ስትባል «ተመስገን!» ብላ ትተነፍሳለች። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኮከብ ትለካለች፤ የወንድሜ በሽታ አልነካትም» እያለች ታወራለች። ይህችን እናት እንዴት ብላ ታስደንግጣት?

መነጽሩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጨለማ ነው። «አንቺ ነሽ የደከምሽው» አለች በልቧ፣ ሚራን። «ዓይኔ አይደለም። እባክሽ አንቺ ሁኚ።»

ከዚያ የሚራን ጎረቤቶች ፈለገች። ደማቋ አለች። ከአጠገቧ የነበረችው የለችም። ከታች ያለችውም የለችም። መነጽሩን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና አየች። የሉም። ሚራስ ትጥፋ፣ ልማዷ ነው፤ እነዚህ ግን የት ይሄዳሉ? እናቷ ሳትወለድም እዚያው፣ እንደዚያው ነበሩ።

«ደመና አለ እንዴ?» አለች።

«የምን ደመና?» አለ ኦጃስ። «ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው።»

እትዬ ቪማል ጆሯቸውን አስጠጉ። «እሺ ልጄ፣ ስንት?»

ባለፈው ቅዳሜ ኦጃስ ስምንት ነጥብ ሁለት ብሎ ነበር። ዛሬ ስምንት ነጥብ ሦስት ብትል ማንም አያውቅባትም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ።

መነጽሩን መልሳ ወደ ዓይኗ ስታነሳ እትዬ «ካላየሻት አላየኋትም በይ» አሉ። «እሱም ይጻፋል። ካየሻቸው ውስጥ በጣም ፈዛዛዋ የትኛዋ እንደሆነች ብቻ ንገሪኝ።»

«ደማቋን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ሌሎቹስ?»

«የሉም!» ከዚህ በኋላ አፏን መዝጋት አልቻለችም። «ባለፈው ሳምንትም አልነበሩም። ቁጥሩን ከኦጃስ እየሰማሁ ነው የምነግርዎ። ሲመሽ ደረጃው አይታየኝም እትዬ። እንደ አጎቴ ልሆን ነው። ፈራሁ።»

እትዬ ቪማል እስክሪብቶውን አስቀምጠው እጇን ያዙ፤ የእሳቸውም እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

«ዳፍንት ሁሉ የአጎትሽ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «የሚድንም አለ። የእሱ ዓይነትም ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽሽም። ሰኞ ፑኔ ከተማ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብሽ።» «ለእናትሽ እኔ ልንገራት?» አሏት።

ሻልማሊ በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። እናቷ ይሄኔ በር ላይ ወጥታለች።

«አይ፣ እኔ ነኝ የምነግራት» አለች። «እርስዎ ግን አብረውኝ ይምጡ። ስታለቅስ ብቻዬን አልችላትም።»